አማት ላይ የወጣችው ጦጣ

ሰውየው በሕይወት ሳለ አፉ ተዘግቶ አያውቅም፤ ሞቶም አልዘጋውም። የድንጋይ ካባው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሪሞቱን በቀኝ እጁ እንደ ጨበጠ፣ አንድ የመጨረሻ ስድብ የቀረው ይመስል አፉን ከፍቶ ሰማዩን ያያል። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ አጥንቱ ተፈርክሷል። ሁለት ሰው ቢደራረብ እጁ በማይደርስበት የቋጥኙ አናት ላይ ደግሞ የጫማ ሣጥን የምታክል መኪና አራት ጎማዋን አንሰራፍታ ቁልቁል ታየዋለች።

መርማሪዋ የደረሰችው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በመሥሪያ ቤቱ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬውን ሁሉ ነፍታ እንክርዳዱን ሳትለይ አትመለስምና። ስሙ ሙገሳ ይምሰል እንጂ ግማሹ ቅናት ነው። በስድስት ዓመት አሥራ አንድ የግድያ ምስጢር ፈትታለች። በአሥራ አንዱም መዝገብ ላይ የሃላፊዋ ስም በትልቁ ሰፍሯል፤ የሷ ለመድኃኒት እንኳን የለም።

«አትድከሚ» አላት ሃላፊው፣ ጫማውን አቧራ እንዳይነካበት ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት። «ገዳዩን ይዘነዋል። ታናሽ ወንድሙ ነው። ትናንት ከሰዓት እዚሁ ቆሞ 'አንድ ቀን በዚህ ድንጋይ ጭንቅላትህን እከፍለዋለሁ' ሲል አገር ሰምቶታል። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት አቆመዋለሁ።»

«የዛተ ሁሉ ቢገድል ኖሮ እኮ ሰው ባልቀረ።»

«እኔ አንድ ይበቃኛል።»

«ከአሥር ሰዓት በፊት ሌላ ሰው ባመጣልዎትስ?»

ሃላፊው ሳቀ። «ካመጣሽ ልጁን እለቀዋለሁ፤ መዝገቡም በራስሽ ስም ይገባል። የክፍል ሃላፊነቱ ወንበርም ያው ባዶውን ነው። ካላመጣሽ ግን እንዳትነዘንዢኝ!»

መኪናው አቧራውን አልብሷት ሄደ። እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ ሃላፊው ባለበት ቦታ ሐሳብ አይመጣላትም።

የካባው ዘበኛ ዱላውን ተደግፎ ቀረባት። «ሟቹን 'ጌታው' ነው የሚሉት፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። አራት ሆነው ይመጣሉ፤ እሱ፣ ወንድሙ፣ አንድ የጥርስ ሐኪምና አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ። መኪና በሪሞት ድንጋይ ያስወጣሉ። የጎለመሱ ሰዎች እኮ ናቸው እትዬ! ይሄን ገደል 'አማት' ይሉታል፤ ደፍሮ ያሸነፋት ስለሌለ። የጌታው መኪና ጦጣ ትባላለች። አማት ሆድ ላይ ስትደርስ ግልብጥ! ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ግልብጥ! እሁድ ውድድር አለ ብሎ ሰሞኑን አብዶ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ምን ሰሙ?»

«እኔ ወዲያ ማዶ ዘብ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። መጀመሪያ ጦጣ እንደ ጥንዚዛ ዝዝዝ አለች። ቀጥሎ ጌታው ሳቀ። ሳቁን አውቀዋለሁ፤ ሰው ላይ ሲስቅ ሌላ ነው። ከዚያ ጭጭ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ዝዝዝ። ስመጣ ይሄው ነው።»

«ሳቁ ከሁለቱ ድምፆች መሃል ነው? እርግጠኛ ነዎት?»

«ኧረ እትዬ፣ ከዚያ በኋላማ በምን አፉ ይስቃል!»

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከከፍታ የወደቀ ሰው አንድ ቦታ ብቻ አይሰበርም። የዚህ ሰው ክርን ደህና፣ ወገቡ ደህና፣ የእጅ ሰዓቱ መስታወት እንኳን ደህና ነው። ሱሪው ጉልበት ላይ ሁለት ክብ የአቧራ ምልክት አለ። በጀርባው የተኛ ሰው ጉልበት አቧራ ከየት ያመጣል? ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ዳቦ የሚያክል ድንጋይ ተደፍቷል። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገልበጥ ስታደርገው ሥሩ ደም ነው።

አልወደቀም ማለት ነው። ተንበርክኮ ሳለ ከኋላው ተመታ፤ ከዚያ አንጋለው ሪሞቱን አስጨበጡት።

በጎን ባለችው ቀጭን መንገድ ዞራ አናቱ ላይ ወጣች። ጦጣን አንሥታ ከሥሯ ስታያት ማብሪያዋ ጠፍቷል። ታች የሞተ ሰው እላይ ያለች መኪና ሊያጠፋ አይችልም። በፊት ጎማዎቿ ሽንሽን ውስጥ ደግሞ የደረቀ ደም አለ። ከአናቱ ጎንበስ ብላ ቁልቁል ስትመለከት፣ ከሬሳው ራስጌ ካለው ደም የተነሣ ቡናማ ነጠብጣብ እየደበዘዘ እየደበዘዘ የአማትን ሆድ አልፎ እስከ መርማሪዋ እግር ድረስ መጥቷል።

«አምላኬ» አለች። ዓመት ከመንፈቅ ያልተወጣው ገደል የተወጣው ጌታው ከሞተ በኋላ፣ በደሙ ላይ ተነድቶ ነው። ገዳዩ ሰው ገድሎ አልሮጠም። ቆሞ መኪና ነድቷል፤ ወጥቶም አጥፍቷታል።

የጥርስ ሐኪሙን ያገኘችው ክሊኒኩ ውስጥ፣ ሁለት በሽተኛ መሃል ነው። ጦጣን ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጥ ስትል «ኧረ ኧረ!» ብሎ ተንደርድሮ የጓንት ካርቶን ከሆዷ ሥር ሸጎጠ። አራቱም ጎማዎች አየር ላይ ተንጠለጠሉ።

«ምን ሆኑ ዶክተር?»

«ጎማው ለስላሳ ነው እኮ። በራሷ ክብደት ተጭና ከቆየች ቅርፁ ይበላሻል። ለሌላ ሰው እብደት ነው፤ እኛ ግን በጎማዋ አናስቀምጣትም። ሳናጠፋትም አንሄድም። ባትሪው እንደበራ ከዋለ ይሞታል፤ ከሞተ አይነሣም።»

«ጌታውን ይወዱት ነበር?»

«በበሽተኞቼ ፊት 'ይሄ ሰው ጥርስ እንጂ ብሎን መንቀል አይችልም' ብሎኛል።» ፈገግ አለ። «ክራንቻውን ያለ ማደንዘዣ የነቀልኩለት ቀን ግን ተካካስን።»

«ጦጣን አማት ላይ ለማውጣት እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ሞተሯን እቀይራለኋ! ትልቅ፣ አዲስ፣ የውጭ። ምን ጥያቄ አለው?»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች። የጦጣ ሞተር አሮጌው እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሰዓት ሠሪው ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በየግድግዳው የተለያየ ሰዓት በሚቆጥሩ ሰዓቶች ተከቦ ተቀምጧል። የፊቱን ጎማ እንዲፈታላት ብትጠይቀው ሁለት እጁን ዘረጋላት፤ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣሉ።

«ይኸው ልጄ። ለዚህ እጅ ብሎን ብትሰጪው ሾርባ ነው የሚያማስልበት። ጌታው 'ንዝረት' ብሎ ስም አወጣልኝ፤ በሰው ፊት እጄን እየቀዳ ሲንቀጠቀጥ ሚስቴ ሳትቀር ሳቀች። አንቺው ፍቺው፤ እኔ እነግርሻለሁ።»

ጎማው ሲከፈት ሽማግሌው መነጽሩን ገፋ አድርጎ ጎንበስ አለ። ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ ከሥር ጠንካራ፣ ከላይ ለስላሳ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቁርጥ ክብ ሆነው የተቆረጡ። ከስፖንጁ ሥር፣ ቸርኬው ዙሪያ፣ የእርሳስ ብረት ጥራጥሬ የተሰካበት ገመድ ጥምጥም ብሏል።

«ይሄን ማነው የሠራው?» አለ ሽማግሌው ሹክ ብሎ። «እዪ፣ መኪና ቀጥ ያለ ነገር ስትወጣ ክብደቷ ወደ ጅራቷ ይሄዳል። አፍንጫዋ ይቀላል፤ ትገለበጣለች። ይሄ ሰው እርሳሱን ከፊት፣ ያውም ከሁሉ በታች፣ ጎማው ውስጥ ከተተው። ባትሪዋንም ከጅራቷ ወደ አፍንጫዋ አምጥቶ አጋድሞታል። ለስላሳው ስፖንጅ ድንጋዩን ያቅፋል፤ ጠንካራው እንዳይሟሽሽ ይይዘዋል። ይሄ ጥበብ ነው ልጄ።»

«ጌታው ቢሆንስ?»

«ጌታው? ባትሪውን ከኋላ ያሰረው ማን ሆነና! 'ሰው ሻንጣ የሚሸከመው በጀርባው ነው' እያለ ዓመት ከመንፈቅ አንገታችንን ሰበረው።»

«እርስዎስ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔ የማርሽ ጥርሶቹን ነበር የምነካው። የፊት ጎማ ከኋላው ትንሽ ፈጠን ብሎ እንዲዞር። እጅ ቢኖረኝ።»

ወንድምየው በእስር ክፍሉ ጥግ ተኮራምቷል። የቶርኖ ሠራተኛ ነው፤ በጌታው ቶርኖ ቤት ብረት ሲያቀጥን አሥር ዓመቱ። መዳፉ ውስጥ የገባው የብረት ጥላሸት በእንባ ታጥቦ ፊቱ ላይ ተለቅልቋል።

«ዝቻለሁ እህቴ። አልክድም። ጥላዬ ነው የሚለኝ፤ 'ጥላዬ፣ ና፤ ጥላዬ፣ ሂድ'። ግን ወንድሜ ነው!»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ብቻዬን። ማን ይመሰክርልኛል?»

«ጦጣን አማት ላይ ለማውጣት አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

ለቅሶውን አቋርጦ ቀና አለ፤ ሙያ ተጠይቋልና። «ነሐስ። የፊት አክስሏ ላይ ሁለት ወፍራም ነሐስ አቅጥኜ እገጥማለሁ።»

«እርሳስስ?»

«እርሳስ ለቶርኖ ሰው ነውር ነው! ቢላዋው ላይ እንደ ቅቤ ነው የሚለጠፈው።»

«እናንተ መኪና ስትነዱ ካባው ድረስ የሚመጣ ሌላ ሰው ነበር?»

«ማን ይመጣል? ማንም የለም።»

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ከሟቹ ቦርሳ የወጣውን ደብተር ገለጠች። ጌታው እያንዳንዱን ሙከራ ጽፎ ጥፋተኛውን ከጎኑ ያስቀምጣል። «ሠላሳ አንደኛ፦ ወደቀች። ጥላዬ ብሎን ስላላጠበቀ።» «አርባ አራተኛ፦ ወደቀች። ንዝረት አጠገቧ ስለተነፈሰ።» እስከ ስድሳ አንድ ድረስ አንድም ቦታ የራሱ ጥፋት የለም። ሃምሳ ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ግን ጣቷን አቆመች፤ ሁለቴ አንብባ ደብተሩን ዘጋችው።

ሰዓቱ ሰባት ሆኗል። ለአሥር ሰዓት ሦስት ሰዓት ቀርቷል።

የሟቹ ሚስት የሶፋ ልብስና መጋረጃ ሰፊ ናት። ሳሎኗ የሥራ ቤቷም ነው፤ ጥግ ላይ የስፖንጅ ክምር፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ጠረጴዛው ላይ እንደ ምላጭ የተሳለ ረጅም ቢላዋ። ጥቁር ለብሳ ሁለት መስኮቶች መሃል ተቀምጣለች። ጎረቤቶች ከወዲያኛው ክፍል ይንሾካሾካሉ።

«እግዜር ያጽናዎት» አለች መርማሪዋ።

«አሜን እህቴ። ጠዋት ወጣ፤ አልተመለሰም። እኔ ስፌት ላይ ነበርኩ። ስለዚያ የልጅ መጫወቻ ከሆነ ምን አውቃለሁ? እዚያ ካባ እግሬ ረግጦ አያውቅም።»

ነፋስ ገባ። የግራው መስኮት መጋረጃ ተነሥቶ ፊቷን መታት፤ በእጇ ወደ ታች መለሰችው። የቀኙ ግን ዝንፍ አላለም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ አንድ ዓይነት ስፌት ናቸው።

«ባለቤትዎ እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ጌታው?» ሴትዮዋ ጉልበቷ ላይ የሌለ ክር ለቀመች። «ቤት ውስጥም ጌታው ነበር።»

መርማሪዋ ጦጣን ከከረጢቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በጎማዋ። ከዚያ ስለ ቀብሩ፣ ስለ ዘመድ አዝማዱ፣ ስለማይረባው ነገር ሁሉ መጠየቅ ጀመረች። ሴትዮዋ እየመለሰች፣ ዓይኗ መርማሪዋ ላይ እንዳለ፣ እጇ ለብቻው ሄደና ባዶ የክር ማጠንጠኛ አነሣ። ጦጣን ቀና አድርጎ ማጠንጠኛውን ከሆዷ ሥር አስገባ። ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠለጠሉ።

«አማት ላይ ለማውጣት ምን ቢደረግ ይሻል ነበር ይላሉ?»

«እኔ? ወስጄ ቆሻሻ ላይ እጥላታለሁ።»

ነፋሱ እንደገና መጣ፤ የግራው መጋረጃ እንደገና ተነሣ። መርማሪዋ ስትወጣ በግራው መስኮት በኩል አለፈችና ጫፉን በሁለት ጣቷ ዳሰሰች። ባዶ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም አማት ፊት ቆመዋል። ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል፤ ሰዓት ሠሪው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ወንድምየው እጁ በካቴና ነው። ሚስትየዋ ጃንጥላዋን ዘርግታ ለብቻዋ ቆማለች። ሃላፊው አሁን ከመኪናው ወርዷል፤ ጸሐፊም አስከትሏል።

«እስቲ ንፊው ወንፊት» አላት። «አንድ ሰዓት አለሽ።»

መርማሪዋ ጦጣን ለሰዓት ሠሪው አሳየችው፤ ባትሪዋ ወደ ጅራቷ ተመልሷል፣ ከጎማዋም እርሳሱ ወጥቷል። ሪሞቱን ለሐኪሙ ሰጠችው። ጦጣ ዝዝዝ ብላ ወጣች፤ ሆዱ ላይ ደርሳ ቀና፣ ቀና፣ ግልብጥ።

«ሥራዋ ነው» አለ ወንድምየው።

«አሁን ደግሞ ጠዋት እንዳገኘኋት።» እርሳሱን መለሰች፤ ባትሪውን አፍንጫዋ ላይ አጋደመች። ጦጣ ሆዱ ላይ ደረሰች። አፍንጫዋ አልተነሣም። ድንጋዩን በሁለት እጇ እንደ ያዘች ሁሉ እየተሳበች፣ እየተሳበች፣ አናቱን ጨብጣ ቆመች። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ሁሉም ወደ ላይ ሲያይ መርማሪዋ ያየችው ወደ ሚስትየዋ ጃንጥላ ነው፤ ጦጣ ወደ ግራ ባዘነበለች ቁጥር የጃንጥላዋን እጀታ የያዘው አመልካች ጣት ሪሞት እንደያዘ ሁሉ ሳብ፣ ለቀቅ ይል ነበር።

«ጌታው አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «ከማጅራቱ በላይ ካለው ስብራት በቀር ጭረት የለበትም፤ ጉልበቱም አቧራ ነበር። ተንበርክኮ ሳለ በድንጋይ ተመታ። ዘበኛው የመኪናዋን ድምፅ ሁለቴ ሰምቷል፤ በመሃሉ ሳቅ። ጎማዋ ላይ የጌታው ደም አለ። ስለዚህ ጦጣ ሁለቴ ወጥታለች፤ አንዴ ጌታው እያየ፣ አንዴ ከሞተ በኋላ። ገዳዩ ዞሮ ወጥቶ አጥፍቷታል። ሌባ ወይም መንገደኛ ቢሆን ለባትሪ ማን ይጨነቃል? ገዳዩ ይህችን መኪና የሚወድ፣ ምናልባትም አማትን እንድትወጣ ያደረጋት ሰው ነው።»

«ወንድሙ!» አለ ሃላፊው።

«ይቆዩኝ። ዶክተር ቢሆን ሞተር ይገዛ ነበር፤ ሞተሯ አሮጌው ነው። አባባ ቢሆኑ ጥርሶቿን ይነኩ ነበር፤ እጃቸውም አይፈቅድም። ወንድሙ ቢሆን ነሐስ ያቀጥን ነበር፤ ይሄ እርሳስ ነው። ታዲያ ማን ቀረ?» ዞር ብላ ሬሳው የነበረበትን ቦታ አየች። «ራሱ ጌታው።»

ሰዓት ሠሪው አፉን ከፈተ። መርማሪዋ በዓይኗ ዘጋችው።

«አዎ። ጌታው ለካ ሊቅ ነበር! እኛ ባለጌነቱን አይተን አእምሮውን ሳናይ ቀረን። እርሳሱን ያሰበው እሱ፣ ስፖንጁን የቆረጠው እሱ። እንዲህ ያለ እጅ ድጋሚ አይገኝም። ወንድሙ ይሄን ሲያይ ቅናት አሳበደው፤ ገደለው፤ በሟቹ ሥራ ላይ ተጫውቶ ሄደ። ጸሐፊ፣ ጻፍ። 'ሟቹ በራሱ ብልሃት ያሻሻላት መኪና'—»

«እግዚአብሔር ያውቃል አልገደልኩም!» ብሎ ወንድምየው ተንበረከከ። ሚስትየዋ ዞራም አላየችው። ፊቷ ላይ አንዲት ጅማት አልነቃችም።

«—'ከሚስቱም ሆነ ከማንም ምንም እርዳታ ሳያገኝ'» ስትል ቀጠለች መርማሪዋ ቀስ ብላ፣ «'በሊቅነቱ ብቻ'።»

«ውሸት ነው!»

ጃንጥላው መሬት ወደቀ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሣ።

«ውሸት! እሱ ብሎ ሊቅ! እሱ ራሱን ችሎ አዝራር የማይቆልፍ!» ሴትዮዋ ወደ ፊት መጣች። «መጋረጃ ነፋስ የማይገለብጠው ለምንድን ነው? ክብደቱ ከታች ስለሆነ ነው! ሠላሳ ዓመት እርሳስ እየሰፋሁ ይሄን የማላውቅ መሰላችሁ? የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሱ ሥራ ሲሄድ ሶፋ ላይ ሳስወጣት ሳስወርዳት ነው የምውለው!»

ሃላፊው መርማሪዋን አየ። እሷ ከኪሷ ደብተሩን አወጣች።

«እግሬ እዚህ ረግጦ አያውቅም ብለውኝ ነበር። ሃምሳ ስምንተኛው ሙከራ እንዲህ ይላል፤ 'ወደቀች። ሚስቴ ቆማ እያየች ስለነበር። ሁላችንም ሳቅን።' የግራ መጋረጃዎ ጫፍ ባዶ ነው፤ እርሳሱ ጦጣ ጎማ ውስጥ ነው። ጦጣንም በማጠንጠኛ ከጎማዋ አነሡልኝ፤ ይሄን የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እና እነሱን ቆሞ ያየ።»

«ምሳ አምጥታ እኮ ነው» አለ ወንድምየው ከተንበረከከበት፣ ግራ ገብቶት። «ሰው መጣ ወይ ስትይኝ… እሷን ቆጥሬ አይደለም።»

«አየሽ?» አለች ሴትዮዋ።

«ጠዋት ምን ሆነ?»

ሴትዮዋ ተንፍሳ አማትን ቀና ብላ አየቻት። ድምፅዋ ሲመለስ የጨርቅ ልክ እንደምትናገር ሁሉ ረጋ ያለ ነበር።

«አንዴ ብቻ ሞክራት ብዬ ለመንኩት። ወጣች። አንደኛ ሙከራ ላይ ወጣች! አየኝ፤ ሳቀ። 'ዕድል ነው' አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ 'ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ፤ ይሄን ቆሻሻሽን አውጥቼ ጥላዬ በነሐስ እንደ ሰው ይሠራዋል፤ እሁድ በስሜ ትወጣለች' ብሎ ተንበረከከ፤ ጎማዋን ሊፈታ። ድንጋዩ እግሬ ሥር ነበር።»

«ከዚያ ለምን እንደገና ነዷት?»

«ዕድል ነው ብሎኝ ነበራ። ላየው ፈለግሁ።» ወደ ጦጣ በአገጯ አመለከተች። «ዕድል አልነበረም።»

«እና ወጥተው አጠፏት።»

«ባትሪዋ ይሞታላ!»

ሐኪሙ ፊቱን አዞረ። መርማሪዋ ወደ ወንድምየው አመለከተች። «ይሄን ልጅ ግን? ሊፈረድበት ነው። ዝም ብለው አዩ።»

«እሱም ስቋል» አለች ሴትዮዋ።

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ የወንድምየው ካቴና ተፈትቶ ሚስትየዋ እጅ ላይ ታሰረ። ወደ መኪናው ስትሄድ መርማሪዋ አጠገብ ቆም አለች። «መዝገቡ ላይ ጻፊው» አለቻት። «እንደ ገደልኩት ጻፊው፤ ግዴለም። ግን እኔ እንደ ሠራኋትም ጻፊው።»

«ይጻፋል» አለች መርማሪዋ። «ቃሌ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሃላፊው ማይክራፎን ፊት ቆሞ «በእኔ የቅርብ ክትትል» ሲል፣ መርማሪዋ ቢሮው ውስጥ የክስ ወረቀቱን ታነብባለች። ስሟ የለም። «ተከሳሽ በእጇ ያሻሻለቻት መኪና» ብላ የጻፈችው መስመር ተሰርዟል። ከላዩ በሃላፊው የእጅ ጽሕፈት «ሟች የሠራት የመጫወቻ መኪና» ተብሏል።

ሃላፊው ሲገባ ወረቀቱን ዘረጋችለት። «ይሄ ስህተት ነው።»

«የቤት እመቤት ይሄን ትሠራለች ብሎ የሚያምን ዳኛ የለም። ክሱን ታበላሺብኛለሽ።»

«ስሜስ? ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ወንበሩን ትፈልጊያለሽ አይደል? እንግዲያው ፈርሚና ታገሺ።» ሳቀ። ዘበኛው እንዳለው ነው፤ ሰው ላይ ሲስቅ ሌላ ነው።

መርማሪዋ የተሰረዘውን መስመር እንደገና አነበበች። ሊፈረድበት የነበረው ልጅ ወጥቷል፤ ገዳይዋ ተይዛለች፤ አንዲት መስመር ናት የቀረችው። አንዲት መስመር ምን ታደርጋለች አለች ለራሷ። ከዚያ ፈረመች።

ወረቀቱን ለሴትዮዋ ፊርማ ይዛ ወደ እስር ክፍሉ ወረደች። ሴትዮዋ ጨርቅ እንደምትለካ ጣቷን በየመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች። ድንጋዩ ላይ አልቆመችም፤ «ሆን ብላ» የሚለው ላይም አልቆመችም። መኪናዋ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይሄን ማነው የጻፈው?»

«ሃላፊው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

መርማሪዋ ወደ ወረቀቱ ግርጌ አመለከተች። «ፈረምኩ» አለች።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት። አልተቆጣችም። ወረቀቱን አጥፋ በፍርግርጉ መለሰችላት።

«እኔስ ድንጋይ አነሣሁ» አለች። «አንቺ እስክሪብቶ ከበደሽ?»

መርማሪዋ ደረጃውን ወጥታ በኤግዚቢት ክፍሉ በኩል አለፈች። ጦጣ የብረት መደርደሪያው ላይ ናት፤ ማን እንዳስቀመጣት እንጃ፣ በጎማዋ። የፊቶቹ ጎማዎች በእርሳሱ ክብደት ከወዲሁ ተጨፍልቀዋል። ከሆዷ ሥር የምታስገባው ነገር ፈልጋ ዙሪያዋን አየች፤ ጥግ ላይ አንድ ባዶ ካርቶን አለ። ልታነሣው ጎንበስ ስትል ሃላፊው ከኮሪደሩ ማዶ «ወንፊት! ጋዜጠኞቹ ሻይ ይፈልጋሉ!» ብሎ ተጣራ።

ካርቶኑን ባለበት ትታ፣ በሩን ዘግታ ሄደች።